ስለ ዓብዱልቃድር ቀበቶ

ይድረስ ለእትዬ አሚና፤ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበት እንዴት ይዟታል፣ ለሶላት ቆማ መስገድ ቻለች ወይ? አፍራህስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ግን ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሽበታለሽ።

ረቡዕ ዕለት ደውዬ «ባልሽ ትንሽ አዳልጦት ነው፣ አትምጪ» ያልኩሽ ውሸት ነው። እናታችን ካጠገብሽ ሆና «ጠልሐ ምን አለ?» ስትል ሰማሁና አፌ ተሳሰረ። ዓብዱልቃድር በሕይወት አለ። ግን አከርካሪው ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ በእግሩ አይሄድም ብለውኛል። ይህን በደብዳቤ መንገሬ ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ። ወረቀት የፈለግኩበት ምክንያት ስላለኝ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እዚህ ካዛንቺስ በምንሠራው ፎቅ ላይ «ሴፍቲ ነኝ» ስልሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሥራዬ አደጋ መፈለግ ነው። ጠዋት ጠዋት መዝገቤን ይዤ ከምድር ቤት እስከ ላይ እወጣለሁ፤ የላላ መወጣጫ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያልተከለለ ጉድጓድ፣ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ለገሃር አካባቢ ሦስት ቀን ያሠለጠኑን ሰዎች፣ አደጋውን ከቻላችሁ ከሥሩ አጥፉት፣ ካልቻላችሁ ከልሉት፣ እሱም ካልሆነ ሰዉን አስጠንቅቁ፣ ከፍታ ላይ የሚታጠቁት ባለ መንጠቆ ቀበቶና ቆብ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው ብለውን ነበር። እኛ ዘንድ በሩ ላይ «ደህንነት ይቅደም» ተለጥፏል፤ የመጨረሻው የተባለው ቀበቶ ደግሞ ከነላስቲኩ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ጎብኚ ሲመጣ ይወጣል፣ ጎብኚው ሲሄድ ይገባል። ሥራውን የሚመራውን ኢንጂነር ለምን ብለው «ያቆሽሹታል» አለኝ።

ይኸው ኢንጂነር አንድ ሕግ አወጣ። ጉድለት ያየ ሰው ራሱ ያስተካክለው፣ ያውም በምሳ ሰዓቱ አለ። በዚህ የተነሳ ሁለት መቶ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ዕውር ሆነ። ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመውን ሰው እንኳ ስጠይቀው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም» ይለኛል። ማየት ያልተወው ያንቺ ባል ብቻ ነው። የጠፋች ፍየል አግኝቶ ባለቤቷን ፍለጋ ሁለት ቀን የዞረ ሰው አይደል? ሰኞ መጣና «ጠልሐ፣ ሰባተኛ ፎቅ የሊፍቱ ጉድጓድ የተከደነባት ቺፑድ ጣውላ ተሰንጥቃለች፣ ሰው ትበላለች» አለኝ። ጻፍኩ። ያየው ሰው በሚለው ቦታ ላይ የሱን ስም ጻፍኩ። የኔን ብጽፍ ኖሮ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ይህን አስቤው ነበር እትዬ። አስቤበት ነው ስሙን የጻፍኩት።

በማግስቱ ማክሰኞ ሰው ምሳ ሲበላ እሱ ሳንቃና መዶሻ ይዞ ወጣ። ቀበቶ ጠይቆ ነበር፤ ኢንጂነሩ «ለአምስት ደቂቃ ሥራ ደግሞ ምን ቀበቶ ያስፈልግሃል» ብሎ ሳቀበት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቺፑዷ ከዳችውና ከሰባተኛ ወድቆ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ርብራብ ያዘው። ስደርስ ራሱን ስቷል። ኢንጂነሩ መጥቶ አየውና «ሩጥ፣ ቀበቶ አምጣ» አለኝ። አምቡላንስ ጥራ አላለም። ሮጥኩ። የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ተኽላይ እያለቀሱ ከፈቱልኝ። ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩና ያንን የተሰበረ ወገብ በገዛ እጄ አንስቼ አስታጠቅኩት። ሲያቃስት ሰምቻለሁ። ፎቶ ተነሳ። መኪና የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሳነሳው ምን ያህል እንደባሰበት ሐኪሞቹን አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

ሪፖርቱንም ያጻፉት እኔን ነው። ቀበቶ ተሰጥቶት ሳለ መንጠቆውን ባለማያያዙ በራሱ ቸልተኝነት ወደቀ ይላል። ፈረምኩ። በሩ ላይ ያለ አደጋ የዋልንባቸው ቀናት የሚጻፉበት ሰሌዳ አለ፤ ማክሰኞ 212 ይል ነበር። ረቡዕ ጠዋት 213 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራስ ጥፋት የደረሰ አይቆጠርም ተባልኩ። አሁን ለሁሉም ቀበቶ ታድሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የባሰውን ልንገርሽ። ኢንጂነሩ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄደና ያንን ፎቶ አሳየው። ሐሙስ እኔ ስገባ ዓብዱልቃድር «ጫማዬን አውልቅልኝ፣ ከበደኝ» አለኝ፤ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ቀጥሎ «ታጥቄ ሳለ መንጠቆውን እንዴት እረሳለሁ? አሚናን አውፍ በይኝ በልልኝ፣ ልጄን በገዛ እጄ ጉድ አደረግኋት» እያለ አለቀሰ። የወደቀበትን ቀን ጨርሶ አያስታውስም፣ ፎቶውን አምኗል። እኔ ምን ያልኩት ይመስልሻል? «አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ ሰው ይረሳል» አልኩት። ከዚያ ላንቻ ወዳለችው የጋራ ክፍላችን ተመልሼ፣ የሱን ፍራሽ እያየሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰዎች ስኳርና ዘይት ይዘው ቤትሽ ይመጣሉ። አዝነው፣ አልቅሰው፣ ወረቀት ያወጣሉ። ጥፋቱ የሱ መሆኑን አምነናል፣ ክስ የለንም ይላል። እሱ «አሚና ከፈረመች እፈርማለሁ» ብሏቸዋል፤ ነገሩ ሁሉ አንቺ እጅ ላይ ነው። እንዳትፈርሚ። ጋሽ ተኽላይ ሰዓት ሳይመዘግቡ ዕቃ አያወጡም፤ ቀበቶው ከዕቃ ቤት የወጣው ስድስት ሰዓት ከአርባ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ኮፒ አድርገው ሰጥተውኛል፣ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። ይህም ደብዳቤ የእጄ ጽሑፍ ነው። ፍርድ ቤት ከደረሰ አውጪው፣ እኔን ቢያሳስረኝም አውጪው። ለሱ ግን ፊቱን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ነይና አንቺ ንገሪው።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዱዓውን ለኔ ሳይሆን ለሱ ታድርግ። ለአማትሽ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ዜናውን ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። አፍራህን ግንባሯን ሳሚልኝ። ትምህርት ቤት ልጆች ያባትሽ ጥፋት ነው ቢሏት፣ አባትሽ ምንም አልረሳም፣ ያስታጠቀው አጎትሽ ነው በያት።

ወንድምሽ ጠልሐ፣ ይህኛው እውነተኛ ፊርማዬ ነው።
ላንቻ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.