ሟቹ ባለቤቴ በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ያነባል ስለ መባሉ

ለተከበሩ የጭነት አስተላላፊው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎና ለአፍታ የማያሸልቡት ማሽኖችዎ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የድርጅትዎን ስም በአደባባይ ያልጻፍኩት ከአክብሮት ነው፤ ደብዳቤው ሲነበብልዎ ራስዎን እንደማያጡት እተማመናለሁ።

ፈለቀች እባላለሁ። የምኖረው ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። ባለቤቴ ረታ በአውሮፕላን ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ሰነድ ሲያዘጋጅልዎ የኖረ ሰው ነበር። ኩላሊቱ ታሞ መመላለስ ባቃተው ጊዜ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ፈቀዱለት፤ ባለሙያ ልከውም በቤታችን ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም አስጫኑለት። ፕሮግራሙ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ለቢሮ ይናገራል። ማውሱ ከተንቀሳቀሰ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች፤ ጥቂት ከቆመ ግን ወደ ቢጫ ትለወጣለች። ረታ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። አቤቱታዬም ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነው።

አንደኛ። የኢንተርኔት ፓኬጄ ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ ጀመረ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ረታ ከሥራ በሚያመጣቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ አሁን ኮምፒውተሩን የምከፍተው መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ ነው፣ ማንበብ ደግሞ ያን ያህል ፓኬጅ አይበላም። ስለዚህ ኮምፒውተር በስውር ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚዘረዝር ነፃ ፕሮግራም አወረድኩና እንደ ዘበኛ ፊቱ ተቀመጥኩ። አንዱ ግንኙነት ሰዓቱን ለማስተካከል ነው፤ ሌላው ራሱን ለማደስ ነው፤ እያንዳንዱን አጣርቼ አሰናበትኩ። አንዱ ግን ማን እንደሆነ ሳይናገር ይመጣል፣ የስክሪኔን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌባ ነው ብዬ የዋይፋዩን ፓስወርድ ለወጥኩ። አልሄደም።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ደሪቱ ሊጠይቁኝ ገብተው ዝርዝሩን ሳሳያቸው፣ «አንቺ፣ ይሄ እኮ ከእኔ የበለጠ ይመላለስብሻል፤ ቢያንስ ሻይ አፍይለት» አሉኝ። ሕንፃችን የቆመው የአባታቸው የጤፍ ማሳ በነበረው ቦታ ላይ ነውና፣ ሳይጠሩ ስለሚመጡ እንግዶች ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። «ስሙን ጠይቂው» አሉኝ። ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ፎልደር ፈልጌ ስከፍተው የተጻፈው የድርጅትዎ ስም ነበር። ሌባ ባለመሆኑ ምን ያህል እንደተደሰትኩ መግለጽ ይከብደኛል።

ሁለተኛ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። የሰው ኃይል ክፍልዎ ስለ ቅልጥፍናው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የረታን ሞት በሰማበት ወር ደመወዙን አቁሟል። ሠራተኛ የሚቆጣጠረው ክፍል ግን እስካሁን አልሰማም። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር የሚተያዩ መሆናቸውን በዓይኔ ስላየሁ፣ ወሬው መንገድ ላይ ምን እንዳገኘው አላውቅም። የቁጥጥሩ ኃላፊ አቶ ደጀኔ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። «እማማ፣ ሲስተሙ እኮ ነው የማይፈቅደው። አካውንቱን ማዘጋት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ራሳቸው ገብተው ይጠይቁ» አሉኝ። ባለቤቱ መቃብር ውስጥ ነው አልኳቸው። አዝነው አንገታቸውን ነቀነቁና፣ «እንግዲያው በኢሜይል ይላኩልን» አሉ። ለዚህ መፍትሔ ከልቤ አመሰግናለሁ። ረታ ኢሜይል መጻፍ አይወድም ነበር እንጂ ከዚያም ቢሆን ይልክልዎ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። ግንኙነቱን ለመቁረጥ የድርጅትዎ ፈቃድ አያስፈልገኝም ነበር። ያወረድኩት ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ግንኙነት አጠገብ «ከልክል» የሚል ቁልፍ አለው፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ከቢሮዎ በተመለስኩ ዕለት እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆይቼ አነሳሁት። በዚህ ከተማ ውስጥ ረታ ዛሬም መጥቷል የሚል የቀረ ነገር ቢኖር ያ ማሽንዎ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቢሮ በሚገባበት ሰዓት ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፤ አረንጓዴዋ ትበራለች፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ አነባለሁ። አውሮፕላኖቹ በጣሪያችን ላይ ሲያልፉ እንደ ድሮው «የናንተ ጭነት ይሆን?» እላለሁ።

መብራቷን መጠበቅ ለእኔ አዲስ ሥራ አይደለም። ረታ ሲደክመው መኝታ ቤት ገብቶ ጋደም ይል ነበርና፣ እርሱ እስኪነሳ እኔ በወንበሩ ተቀምጬ ማውሱን አንቀሳቅስ ነበር። ባረፈበት ቀን ከሰዓትም እዚያው ነበርኩ። ሲጠራኝ፣ «መጣሁ፣ ቢጫ እንዳትሆንብን» አልኩት። ያን ዕለት መብራቷ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አንድም ጊዜ ወደ ቢጫ አልተለወጠችም። ማሽንዎ ስለ ትጋቱ ይመስክር።

ሦስተኛ፣ ብዕሬንም ያስነሳኝ ጉዳይ። ባለፈው ሰኞ ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ያነበብኩት። አቶ ረታ በሥራ ሰዓት ከሥራቸው ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ልብ ወለዶች ሲያነቡ ተገኝተዋል፤ ሰነድ ከከፈቱም ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ካልታረሙ በስንፍና ምክንያት ይሰናበታሉ ይላል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ረታ በሕይወቱ አንድም ልብ ወለድ አንብቦ አያውቅም። ጋዜጣ የሚገልጠው ለስፖርቱ ገጽ ነበር፤ እኔንም መጽሐፍ ይዤ ሲያየኝ፣ «ሰውዬው አገባት ወይስ ገና ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ትኩሳት ይዞት እንኳ የአንድ ሰው ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንዳያድር ብሎ ሰነድ የሚጨርስ ሰው ነው። በስንፍና መጠርጠሩን ስሰማ፣ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ወንጀሉ የእኔ ሆኖ ሳለ እርሱ ስሙ ጎድፎ ከሥራ እንዲባረር አልፈቅድም።

ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ አረንጓዴዋ በራች፤ ማውሱን ለመጨረሻ ጊዜ ትንሽ አንቀሳቀስኩለትና «ከልክል» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራቷ ቢጫ ሆነች፤ ቀጥሎ ጠፋች። የእኔም እጅ ከዚያ ወንበር ተነሳ። ረታን ማንም አላሰናበተውም፤ ሥራውን ጨርሶ በገዛ ፈቃዱ ወጥቷል። በማኅደሩ ላይ የሚጻፍ ነገር ካለ ይህ ይጻፍልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል ስለጎበኘኝ ትጉህ ማሽንዎ፣ ሲስተማቸውን ከሞት በላይ ስለሚያከብሩት አቶ ደጀኔ፣ እንዲሁም አንድ ሬሳ በመካከሉ ሳይታይ ስላለፈበት ሰፊ ኮሪደርዎ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎም ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ፈለቀች፣ የረታ ባለቤት
ከለሚ ኩራ

ኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ከድርጅትዎ ስልክ ተደወለልኝ። አንዲት ልጅ ናት። «አቶ ረታ ዛሬ ሥራ አልገቡም፤ በሰላም ነው?» አለችኝ። ከድርጅትዎ ስለ ረታ ደህንነት የጠየቀ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። መሞቱን ነገርኳት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ፤ አልሰማንም» አለች። ስሟን አልነግርዎትም። ከድርጅትዎ ለቅሶ የደረሰኝ እርሷ ብቻ ናትና፣ ስልኩ ላይ ያጠፋችውን ጊዜ ማሽንዎ እንዳይቆጥርባት አደራ እላለሁ።