ከሕይወት ታሪክህ የቀረችው ከተማ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ድሬ እንደምታውቃት ናት። ሙቀቷ አልቀነሰም፤ ጋሪ ነጂዎቿም ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ካልሆነ አይቆሙልህም። የበረንዳው ወንበርህ አንድ እግሩ ወልቆ ነበር፤ አስጠገንኩት፤ ግን እስካሁን ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም። እማዬ ደህና ናት፤ ዐይኗ ብቻ ትንሽ ደከም ብሏል። የመጠጥ ውሃ እንዲቀዘቅዝ በረንዳ ላይ ስታወጣ አሁንም ሁለት ገንቦ ነው የምትሞላው። አንደኛው ያንተ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝ ጎረቤታችን ሐዋ ናት። አሁንም በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅና ዕቃ ታመጣለች። ባለፈው ሳምንት ያመጣችውን ብርጭቆ ስትፈታ እያገዝኳት ነበር። ብርጭቆዎቹ የተጠቀለሉት በፈረንሳይኛ መጽሔት ገጾች ነው። አንዱን ስዘረጋው ሰፊ ወንዝ፣ ብዙ ድልድዮችና አዲስ ስታዲየም አየሁ። ከጎኑ ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ ድርብ ጣሪያ ያለው ትልቅ የድንጋይ በር፣ መኪናው በዙሪያው የሚተራመስበት። ከሥሩ የተጻፈውን ሳላነብ በሩን ካንተ ወሬ አወቅኩት። ሐዋ መጀመሪያ ብርጭቆ የሰበርኩ መስሏት ደነገጠች። ኋላ እንባዬን ስታይ «አቦ፣ ወረቀት ታይቶ ይለቀሳል እንዴ?» አለችኝ።

ሴኡል ነበረች። ያንተዋ ሴኡል። ዘንድሮ ኦሊምፒኩ የተደረገው እዚያ ነው፤ የእኛ አገር ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብራ ሳትሳተፍ ቀረች እንጂ።

ልጅ ሳለሁ ሴኡል ከጅቡቲ ቀጥላ ያለች ባቡር ጣቢያ ትመስለኝ ነበር። ኮሪያ ስትዘምት በዚሁ በእኛ ጣቢያ አልፈህ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ መርከብ እንዳለ አላሰብኩም። ሦስተኛ ክፍል ሆነን የሐዲዱን ካርታ ሳሉ ስንባል፣ ሽንሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ጅቡቲ ብዬ መጨረሻዋ ላይ ሴኡልን ጻፍኩ። አስተማሪው ማርክ ቀነሰብኝ። አንተ ግን ደብተሬን ባቡር ጥገና ክፍል ይዘህ ሄደህ ለባልደረቦችህ ሁሉ ስታሳይ ዋልክ።

ታሪኳን ያስተማሩህ አስተርጓሚያችሁ የነበሩት ሽማግሌ መምህር ናቸው። በፍርስራሹ መሐል እያዞሩ ይነግሯችሁ ነበር አልከኝ። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ንጉሥ ቦታዋን በተራሮችና በወንዝ መካከል መረጠ፤ በግንብ አጠራት፤ በሮችም አበጀላት። ማታ ደወል ሲደወል በሮቹ ይዘጋሉ፣ ንጋት ላይ ሲደወል ይከፈታሉ። አንተ እንደ ሐረር ጀጎል ናታ ስትላቸው፣ ሐረር ስንት በር እንዳላት ጠየቁህ። አምስት ስትላቸው የእኛ ይበልጣል ብለው ሳቁብህ። እስክትሞት ድረስ በዚያ ነገር ትናደድ ነበር። ቤተ መንግሥቷ በጃፓን ወረራ ዘመን ተቃጥሎ ለብዙ ትውልድ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። እንደገና ተሠርቶም ጃፓኖች ተመልሰው ሲገዟት ከፊቱ የራሳቸውን ሕንፃ ገትረው ከለሉት። እናንተ የደረሳችሁት ዓመት ሳይሞላ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈች በኋላ ነው። ያ ፎቶግራፉ ላይ ያየሁት በር ግን ቆስሎም ቢሆን ቆሞ ነበር። ወንዙ በብርድ ወራት ረግቶ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል ስትለኝ አላመንኩህም። እኔ የማውቀው ወንዝ ደቻቱ ነው፤ እሱን በእግር የምንሻገረው ውሃ ስለሌለው ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ይህን ሁሉ ማውራት ተውክ። ሰሜን ኮሪያ የመንግሥት ወዳጅ ስትሆን፣ አንተ ደግሞ ከደቡቡ ጎን የተዋጋህ ሰው ነበርክ። ሜዳሊያህን እማዬ በጨርቅ ጠቅልላ እህል በርሜል ውስጥ ቀበረችው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ስሆን ደስታህን አልደበቅክም፤ ግን ስለ ሴኡል አንዲት ቃል አልጨመርክም።

አባዬ፣ ማንም ሳይነግርህ እኔው ልናገር። በቀብርህ ቀን የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ቆሞ እንደሚያዳምጥ አውቅ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። የኮሪያ ዓመታትህን «በልዩ ልዩ የሥራ መስክ ሲያገለግሉ ቆይተው» ብዬ አለፍኳቸው። አብሮህ የዘመተው ጓደኛህ ጋሽ ተሰማ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ንባቡ ሳያልቅ ቀስ ብሎ ከሰው መሐል ወጣ፤ በሠልስትህም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳየው ቅያስ እቀይር ነበር። ለሰው ልጆች ታሪክ አስተምራለሁ፤ ያባቴን ግን በገዛ እጄ ቆረጥኩት። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሐዋ የመጽሔቱን ገጽ ሰጠችኝ። በዚያው ሳምንት የሕይወት ታሪክህን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ጻፍኩና ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ሲያየኝ ግቢ አለኝ። ፎቶግራፉን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ የበሩን ግራ ጎን በጣቱ ነክቶ እዚህ ጋ ቆመን ፎቶ ተነሥተናል አለኝ። ላነብለት ስል ሰው እንዳይሰማ መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ። ተይው አለኝ።

አነበብኩለት። የኮሪያውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ስጨርስ ትርፍ ወረቀት ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእሱንም እንድጽፍለት፣ ሰው ሳይቆርጠው በገዛ ጆሮው ሊሰማው እንደሚፈልግ ነገረኝ። የመጀመሪያውን መስመር ራሱ አስጻፈኝ፤ «ሴኡል ስንደርስ ከተማ አልነበረችም፤ ከጎኔ የነበረው የአስቴር አባት ነው።»

በጣም ናፍቀኸኛል፣ አባዬ። የሦስት ዓመት መታሰቢያህ ሲደርስ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ ሙሉውን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ሊቀመንበሩም ይምጣ። እስከዚያው አንዲት ቀንህን አልረሳም፤ ከእንግዲህ አንዲት መስመርህንም አልቆርጥም።

ልጅህ አስቴር