የታሪኩ ደምሴ የእጅ ሥራ

ሰኞ

«እናቶች ናቸው የሚሠሩት» አለቻት። እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜ።

አምስት ቦርሳና ሁለት በአንገት የሚጠለቅ ፖንቾ በማዳበሪያ ይዤ ብስራተ ገብርኤል የወይዘሮ ሳባ ሱቅ ስደርስ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። ልጅቷ ከመደርደሪያው ላይ እኔ ከሠራኋቸው የኪሮሽ ቦርሳዎች አንዱን አንስታ ገልብጣ አየችና ማን እንደሚሠራው ጠየቀች። ሳባ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ለልጅቷ እኔ ዕቃ አመላላሽ ነኝ።

ልጅቷ ስትወጣ ነገሩን በለስላሳ አንደበት አስረዳችኝ። ደንበኞቿ የሴት እጅ ያረፈበት ነው ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። ኪሮሽ የያዘ ወንድ፣ ያውም የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ቢያዩ ይስቃሉ። ቅዳሜ ጎፋ ባዛር አለ፤ ጠረጴዛ ይዛለች። ሠሪዋን ማየት የሚፈልጉ ስላሉ እህቴን ትዕግሥትን ላምጣላት። ኪሮሽ ይዛ ትቀመጥ፣ በቃ።

ላስብበት አልኳት። ዕቃውን ትቼላት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ በራሴ ተናደድኩ። ምኑን ነው የማስበው?

ማክሰኞ

ትዕግሥት ሳቀች። የኪሮሽ አያያዝ ቀርቶ ቁልፍ ለመትከል እንኳ እኔን ነው የምትጠራው። ከዚያ፣ ካልክ እቀመጣለሁ፣ አንድ ቀን ነው አለችኝ። ገዢዬን እንዳላጣ ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም።

አባዬ ከጓዳ ሰምቶ ኖሮ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሷ ትቀመጥ» አለ።

አባዬ ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና ነድቷል። መሪ ያስያዘኝም እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ቁልቁለት ላይ ተገልብጬ እግሬ ሲሰበር አራት ወር ሆስፒታል ተኛሁ። አጠገቤ የተኛውን በሽተኛ የምታስታምም ሴት ቀኑን ሙሉ ሻርፕ ትሠራ ነበር። እጄ ሥራ መፍታቱን አልቻልኩትምና አሳዪኝ አልኳት። በአሥር ቀን አንድ ጠማማ ሻርፕ ጨረስኩ። እግሬ ፍሬን ለመርገጥ አልሆነም። እጄ ግን አልቆመም።

አባዬ እስከ ዛሬ ለሰው የሚለው «ልጄ እያገገመ ነው» ነው። ስሠራ መጋረጃውን ይዘጋብኛል።

ዛሬ ከፈትኩት። ሲዘጋው ወንበሬን አውጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ

ደጃፍ፣ ሁለተኛ ቀን። መካኒሳ መንገዱ ሰው አያጣም። ያዩኝ፦

ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ። ቆማ አየችና እጅህ ይባረክ ብላኝ ሄደች።

ሁለት የማላውቃቸው ጎረምሶች። ሳቁ።

የዕድራችን ዳኛ። እንዳላየ አለፈ።

ከበደ፣ አብሮኝ ይነዳ የነበረው። እሱ ቆመ። «መሪ ጥለህ ክር ያዝክ?» አለኝ። የለበስከውን ሹራብ ማን የሠራው ይመስልሃል ስለው፣ «ማሽን» አለኝ። እውነቱን ነው። አብረን ሳቅን፤ የእሱ ሳቅ ግን ቶሎ አላበቃም።

ጆሮዬ ጋለ። አልገባሁም። የአዲሱ ፖንቾ አንገት ሦስት ጊዜ ጠቦብኝ ሦስቴ ፈታሁት። በአራተኛው ጭንቅላት አስገባ። ለዛሬ ድል ይኸው ነው።

ሐሙስ

ሳባ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ቅዳሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ካልሆነ ዕቃዬም አይቀርብም።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ» አለችና ስልኳን ማየት ጀመረች።

ሰበሰብኩ። የኔ ያልሆነ አንድ የውጭ ሻርፕ በስህተት አብሮ ገብቶ ተመልሼ ሰጠኋት። ኩራቴን ያበላሸብኝ እሱ ነው። ማዳበሪያውን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ ረዳቱ የሁለት ሰው ቦታ ያዝክ ብሎ ጨቀጨቀኝ። ጀግንነቴ መካኒሳ ሳልደርስ አለቀ። ከሳባ ሌላ ገዢ የለኝም። ምን አደረግኩ?

ግን ደግሞ እህቴን እኔን አስመስዬ ላስቀምጥ? አላደርገውም። ብራብም አላደርገውም።

ዓርብ

ጠዋት ባዛሩ የሚካሄድበት ግቢ ሄድኩ። መዝጋቢዋ የደከማት ሴት ነች። ቦታ አልቋል አለችኝ። አልሄድ ስላት፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ማንም ያልፈለገው አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ጩኸቱን ከቻልክ ውሰድ አለች። አሥራ ሁለት ዓመት የናፍጣ ሞተር ላይ ተቀምጫለሁ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ትዕግሥት ጽሕፈቷ ያምራል። ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፈችልኝ፦ የታሪኩ ደምሴ የእጅ ሥራ።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«የኔን ስም አውጣው» አለ።

«የኔም ስም ነው አባዬ። ሌላ የለኝም።»

«ደምሴን በየመንገዱ የሚያውቀው ሰው ምን ይላል?»

«ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ይላል።»

ለአባቴ እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ባርኔጣውን አነሳና ወጣ። ትዕግሥት መቀስ ይዛ አየችኝ። ተዪው አልኳት።

ቅዳሜ

ጄኔሬተሩ ያጓራል። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት አንድም ሰው አልቆመም። ሳባ መግቢያው ላይ ናት፤ ጠረጴዛዋ የውጭ ቦርሳ ሞልቶታል። ዝም ብዬ ከማፍጠጥ ብዬ ኪሮሼን አወጣሁ።

ያኔ ቆሙ። መጀመሪያ ለመሳቅ፣ ቀጥሎ ለመቅረጽ፣ ከዚያ ዕቃውን ለመዳሰስ። አንዷ ፖንቾውን ለብሳ በስልኳ ራሷን እያየች ዞረች። ገዛችው። ጓደኛዋም።

ሕዝቡ በዛ ሲል አንዲት ሴትዮ ቦርሳ አንጠልጥላ መጣች። ሥራዬን ከሩቅ አወቅሁት። ማንጠልጠያው ተለጥጦ ቦርሳው ጉልበቷ ላይ ደርሷል።

«ሳባ ጋ የገዛሁት ነው። እናቶች ሠሩት ተብዬ» አለች። «አሠራሩ ግን ካንተ ሥራ ጋር አንድ ነው።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። የሠሩት እናቶች ናቸው ብል ማን ያውቅብኛል? ለስሜ ስንት ቀን ተሟግቼ፣ ስሜ መጀመሪያ ያመጣልኝ ጥፋቴን ነው።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳት። «ጥፋቱም የኔ ነው። ይቀመጡ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ወንበሬን ሰጥቻት በደህናው እግሬ ቆሜ ማንጠልጠያውን ፈታሁ። እንደገና አሳጥሬ፣ አጥብቄ ሠራሁት። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አንድም ሰው አልሳቀም። እሷ አመሰገነች፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ክሩ ያው ክር ነው፣ ከወር በኋላ ይለጠጣል።

ቀና ስል አባዬን አየሁት። የግቢው በር ጋ ቆሟል፣ ባርኔጣው በእጁ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ልጠራው ስል ሄደ።

እሁድ

ሳባ ደወለች። አራት ደንበኞች ስለኔ ጠይቀዋታል። ዕቃህን መልስ አለችኝ። ስሜ ይለጠፍበታል አልኳት። ነገ ና እንነጋገር አለች። ይሁን አላልኩም፣ አይሁንም አላልኩም።

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሰላም አላለኝም። ነጠላውን አጣጥፎ አስቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቦርሳዎች አንዱን አነሳ፣ ማንጠልጠያውን በሁለት እጁ ወጥሮ ሳበው። ወደ ኋላ ጓሮ ሄደና ጣት የማትሞላ ቀጭን የጭነት ገመድ ይዞ መጣ።

«ክር ብቻውን ሸክም አይችልም» አለ። «ገመዱን መሀል አድርገህ ክሩን በላዩ ሥራው።»

ስለ አሠራሩ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ስለ ካርቶኑ አላነሳም። ስለ ስሙም። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለ፤ አለፈው እንጂ አልገለበጠውም። ተስማምቶ ይሁን ደክሞት አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም።

ወንበሬን ደጃፍ አወጣሁ። ገመዱ እየተጠማዘዘ አስቸገረኝ። አባዬ ትንሽ አየኝና በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መንገደኛው እያየን፣ አንዱን ጫፍ ወጥሮ ያዘልኝ።