የቀጮ ደረጃ

እሑድ፣ ጥር 22

ይድረስ ለአንድዬው ወንድሜ፤

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስታው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። እስር ቤቱ በር ላይ ያሉት ከፍተው እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ይህንንም ያንብቡት። ሹራቡ ይድረስህ አይድረስህ ሳትነግረኝ ቀረህ። ሳልህስ? "ተሽሎኛል" ብለህ በአንድ ቃል ዘለልከው፤ ያንን ቃልህን ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አባባ ደህና ነው። ባለፈው ሊጠይቅህ ያልመጣው ጉልበቱን ስለሚያመው ነው። መኪናውን ከገለበጥክ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ አውቶቡሱን አስረክቦ መጋዘን ውስጥ ጎማ ይቆጥራል። ጠዋትና ማታ በእግሩ ነው የሚመላለሰው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ።

ከገና በፊት በጻፍከው ደብዳቤ ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። "ከቀጮ ጋር ጨዋታው ውስጥ የጀመርነውን ግንብ ጨርሺልኝ፣ ጫፉ ላይ የባሕር ፋኖስ አብሪበት" ብለህ ስትጽፍልኝ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ቀን ሙሉ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ውዬ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ ልልቀም? ግን ቀጮ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሁለታችሁ ጓደኝነት የቀረ ነገር ቢኖር ያ ግንብ ነው። አንተም ከዚያ ሆነህ ሌላ የጠየቅከኝ ነገር የለም። እሺ አልኩ።

ፋኖሱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ከባሕሩ ሥር ያለው ፍርስራሽ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ያለው፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ አንድ ዓይን ያላቸው እሾሃም ዓሦች ናቸው። ትልቁ ዓሣ ሲያፈጥብኝ ጨዋታው ውስጥ እጄ ይዝላል፣ አንዷን ድንጋይ ለመስበር ዕድሜ ይፈጅብኛል። ወተት ስጠጣ ይለቀኛል፣ ብዙም ሳይቆይ ይመለስብኛል። "ሦስቱ ትልልቆቹ ካልሞቱ አይሆንም" ያልከኝ እውነትህን ነው። ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ። በሞትኩ ቁጥር የያዝኩት ሁሉ ይበተናል፤ የቀጮን የአልማዝ ዶማ ሁለቴ ከባሕሩ ወለል ለቅሜ አውጥቻለሁ። በሌላ ዶማ ከነኩት ፋኖሱ ይደቅቃል፣ በሱ ብቻ ነው ሙሉውን የሚወጣው። አምስት እሑድ ፈጀብኝ። ስፌት ላይ ተቀምጬ እንኳ ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ እገኛለሁ። የልብስ ቤቱ ባለቤት "አንቺ፣ አሞሻል እንዴ?" ብላኛለች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ሁለት ፋኖስ ይዤ ወጣሁ። ደስታዬን ብታይ! እየሮጥኩ ወደ ግንቡ ሄድኩ፤ ስደርስ ደረጃው ላይ ሰው ቆሟል። ቀይ ሸሚዝ፣ ያ የተወላገደ ባርኔጣ፣ ከራሱ በላይ የቀጮ ስም። 

"ማነህ?" ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ቆየ። ፊደል በፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

"እናቱ ነኝ።"

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነርሷ የሚላቸው ናቸው። የልጃቸውን ኮምፒውተር እስካሁን አልነኩትም ነበር። በቀደም አቧራውን ሊጠርጉ ብለው ሲከፍቱት፣ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ዓለማችሁ አስገባቸው።

"አንተስ?" አሉኝ።

"እህቱ ነኝ" አልኩ፤ የማን እህት እንደሆንኩ መጻፍ አቅቶኝ። ገባቸው።

"ልጄ የሠራው የቱን ነው?"

መሠረቱና ጥቁሩ ጠመዝማዛ ደረጃ የሱ እንደሆነ፣ ግድግዳውና ላይኛው ደግሞ ያንተ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"የወንድምሽን አንሺልኝ።"

"እትዬ፣ አብረው እኮ ነው የሠሩት።"

"መኪናው ውስጥም አብረው ነው የገቡት" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ሥራ ጀመርኩ። ግድግዳህን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አነሳሁት። እሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው ያዩኛል። መንቀሳቀሱን ገና በደንብ አልለመዱትም፤ አንዴ ወድቀው ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወጡ። ስጀምር እያለቀስኩ ነበር። እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ መሀል ላይ ስደርስ እጄ ፈጠነ። በጣም ፈጠነ። በአንተ መናደዴን ያወቅኩት ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሹራብና ሳሙና ሳመላልስልህ፣ አንድ ቀን እንኳ "ምነው ጠጥተህ ነዳህ? ምነው ቁልፉን ለሱ ብትሰጠው?" ብዬህ አላውቅም። ይኸው አልኩህ።

ስጨርስ ባዶ ሜዳ ላይ ደረጃው ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ።

"በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"መብራት ነው።"

"የማን ሐሳብ ነው?"

"የኔ" አልኩ።

"ያንቺ ከሆነ አድርጊው" ብለው ጻፉ። በየእርከኑ ዳር ደረደርኩት። ሠላሳ ሁለቱም በቃ፣ አንድም አልተረፈም። ሲያበራ ያምራል፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀላቀለበት ነው።

ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ስምህን ከጨዋታው ዓለም እንድሰርዘው። ሰረዝኩት። ስትፈታ መግባት አትችልም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን በየቀኑ ከሆስፒታል ሲመለሱ ይገባሉ መሰለኝ። ትናንት አይቻቸዋለሁ፤ ከመብራቱ አጠገብ ቆመዋል። ሰላም አላልኳቸውም። ፋኖሱን ያስለቀምከኝ አንተ መሆንህን ከኔ አፍ አይሰሙትም። አንተም ይቅርታ ልጠይቅ ብለህ ስትጽፍላቸው ይህቺን እንዳታነሳባቸው፤ አደራ። ካወቁ በገዛ እጃቸው ነው የሚነቅሉት።

በርታ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ሌሊቱንም ያቅልልህ። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፤ ካኮረፍክ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አኩርፈኝ።

እህትህ