ለሬያን ብለው ስለበሉት አምባዛ

ይድረስ ለተከበሩ ዌንደል ክራብትሪ፣
የግዛታችን ምክር ቤት የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ በየዓመቱ በመንግሥት ወጪ የሚመረመረውን የልብዎን ደኅንነት አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ ቨርና ስተብልፊልድ እባላለሁ፤ ሎስት ክሪክ መግቢያ ላይ ባለው ነዳጅ ማደያ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ባለፈው የምርጫ ሰሞን ቤንዚን ሊቀዱ ገብተው «አንቺ ደግሞ ዛሬም አምሮብሻል!» ያሉኝ ሴት ነኝ። ስምዎ የታተመበት እስክሪብቶም ሰጥተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ አይጽፍም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ፣ ቢሮዎ ስደውል ስልክ የምታነሣው ትሁት ልጅ «መልእክትዎን አደርሳለሁ» እያለች ስለደከመች፣ እርሷን ላሳርፋት ብዬ ነው። ጉዳዬ የእህቴ ልጅ ሬያን ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር አትችልም። እርስዎም ያውቋታል፤ አቅፈዋት ፎቶ ተነሥተዋል። እንግዲህ የማመሰግንዎትን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ሕጉ አመሰግናለሁ። በእኛ ግዛት መንግሥት የጤና መድን የሚከፍለው ለደሃ ልጅ ነው፤ ደሃው ግን በልኩ ደሃ መሆን አለበት። እህቴ ቶኒያ ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ክንፍ ስትቆርጥ ኖራ፣ በፋሲካ ሰሞን የፈረቃ ኃላፊ አደረጓት። ሞኝ ናትና ደስ አላት፤ ኬክ ጋግራ ጎረቤት ጠራች። እዚህ አገር ልጅ ያላት ሴት ዕድገት ሲሰጧት «ኧረ ተዉኝ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ብላ እንደምትለምን ረሳችው። አብራት የምትሠራው ኦፓል ኬኩን እያላመጠች «አንቺ ሴትዮ አብደሻል እንዴ? ነገውኑ ሂጂና መልሽላቸው! ልጅሽን ከመድን ያወጧታል» ብትላት፣ ቶኒያ «ባክሽ አታሟርቺ፣ ለዚህች ጭማሪ ብለው?» አለቻት። ለዚያች ጭማሪ ብለው አወጧት። የገቢውን ጣሪያ ከፍ የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ ክቡርነትዎ አይጠፋዎትም፤ መሳቢያዎ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ እራቱ አመሰግናለሁ። ልጅ ሲታመምብን እንደምናደርገው ለኢንሱሊኗ ገንዘብ ልናሰባስብ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ከፍተን አምባዛ ዓሣ ጠበስን፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገርን፣ ኬክ በጨረታ ሸጥን። እርስዎም ሳይጋበዙ መጡ፤ ሰው እንዲህ ነው እንጂ። ሳህንዎን እየደጋገሙ ካስሞሉ በኋላ ማይክሮፎኑን ይዘው «መንግሥት የማይችለው ይኼንን ነው! ጎረቤት ለጎረቤት! ይህች ልጅ ሕግ አያስፈልጋትም፤ እናንተ አላችሁላት!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሬያን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አክስቴ፣ ሰውየው እኮ ዓሣ የበላበትን እጁን በሸሚዜ ጠረገው» አለችኝ። ልጅ ናት፣ ይቅርታ ያድርጉላት። የሸሚዙ ቅባት አልለቀቀም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠርሙሱ። የሬያንን ፎቶ የለጠፍንበትን አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ቤንዚን የቀዳ ሁሉ መልሱን እንዲጥልበት ባንኮኒዬ ላይ አኖርኩት። ለጎረቤት የተተወ መድን እንዴት እንደሚሠራ ምናልባት አልነገሩዎት ይሆናል፤ መልክ ይፈልጋል። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ጠርሙሱ ይሞላል። ብጉር የወጣባት፣ ወፈር ያለች፣ ፈገግ በይ ሲሏት የምታኮርፍ ልጅ ጠርሙሷ አይሞላም። የአምስት ዓመቱ ኮልተን፣ እርሱም መድን የሌለው፣ የደም ካንሰር ይዞት ጠርሙሱ ከእርሷ ጎን ሲቀመጥ፣ ሰዉ እጁን በሬያን ላይ አሻግሮ ለእርሱ ይጥል ጀመር። ምን ይደረግ፣ ልጁ ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል። አንድ ቀን ሬያን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ብላ ሁለቱን አየችና «አክስቴ፣ የኔን አንሺው በቃ። እሱ ከኔ ያምራል» አለችኝ። አላነሣሁትም። ፎቶውን ግን በስድስት ዓመቷ በተነሣችው ቀየርኩት፤ ትንሽ ተሻለ። የክቡርነትዎ የምርጫ ፎቶ የስንት ዓመት እንደሆነ ስለማውቅ ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፣ ሬያን ኢንሱሊኑን ማብቃቃት ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። እናቷ ሥራ ስትሄድ መርፌውን ግማሽ ብቻ እየሞላች ራሷን ትወጋ ነበር፤ ሰው እንዳላስቸግር ብላ ነው። በጥቅምት ክፍል ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ኢንሱሊን አንሷት ደሟ ተመርዞ አንጎሏ አብጧል አሉን።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁም። ጨዋ ሆኜ ልጨርስ ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ እንቅልፍ እስኪነሣኝ ድረስ ተናድጃለሁ።

የምሥራች ግን አለኝ። ሬያን አልሞተችም። ከሆስፒታል ወጥታ ማንኪያ አያያዝ እንደ አዲስ እየተማረች ነው። ለካስ እዚያው ሕግዎ ውስጥ፣ ለዘለቄታው የተጎዳ ልጅ የእናቱ ደመወዝ ሳይጠየቅ መንግሥት ሁሉን ይከፍልለታል! ከእንግዲህ ኢንሱሊኗም፣ ተሽከርካሪ ወንበሯም፣ ንግግር የሚያስተምራት ባለሙያም፣ የሚያጥባትም ሰው በመንግሥት ነው። መርፌው ውድ ነው ያለው መንግሥት ይህን ሁሉ ሳያቅማማ ፈቀደ። በልኩ ደሃ መሆን አቅቷት ነበር፤ በልኩ እስክትታመም ስለታገሡን ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሣል።

ረቂቁ ማክሰኞ ለድምፅ ሊቀርብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለሬያን ብለው አይጨነቁ፣ የእርሷ አልፏል። ኮልተን ግን መድን የለውም፤ ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ ጉንጩም ሁልጊዜ እንዲህ አይሰረጉድም። ማክሰኞ እጅዎን ሲያነሡ ወይም ሳያነሡ ሲቀሩ እርሱን ያስቡት።

ለክቡርነትዎ የእንቅልፍ ጤና፣ ለሆድዎ ምቾት፣ ለመሳቢያዎ ሰፊ ቦታ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

በየምርጫው ድምጿን ለእርስዎ ስትሰጥ የኖረች፣
ቨርና ስተብልፊልድ
ሎስት ክሪክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የመድን ካርዷ ባለፈው ሳምንት በፖስታ ደረሰን፤ ስሟ በትልልቅ ፊደል፣ ያለ አንዳች ስሕተት ተጽፎበታል። ቶኒያ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ድረስ አቅርባ ይዛላት «ሬያንዬ፣ ይኼ የማን ስም ነው?» ትላታለች። እስካሁን አላወቀችውም።