ከአጥሩ እስከ ግድግዳው

ወንድም ጋሼ፣

አትፈልገኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ በእግሬ እህታችን ጋ ሄጃለሁ።

የአባባ የወታደር ጂፕ ዛሬ ጠዋት ተነሳ። «ይሄ ቁርጥራጭ ብረት ከተነሳ ጆሮዬን ቁረጡኝ» ብለህ ነበር። ጆሮህ ይቆይልህ።

ነዳሁት። ከጓሮው አጥር ተነስቼ እስከ አዲሱ ክፍልህ ግድግዳ፣ ከዚያ ደግሞ በኋላ ማርሽ ተመልሼ እስከ አጥሩ። በቃ፣ መንገዱ ይኸው ነው። ከክፍሉ ጎን የተረፈችው መውጫ እንኳን ለጂፕ ለጋሪም አትበቃም።

አልፈርድብህም። «ጂፑ ከክረምት በፊት ከጓሮው ይወጣል» እያልኩ ስንቱን ክረምት አሳለፍኩብህ፤ ሙሽራህስ የት ትግባ?

ግን ያን ግድግዳ ስታቆም እኔ ከጂፑ ሥር ተጋድሜ ፍሬን እያሰርኩ ነበር። ቡሎኬቱን የምታመላልሰው እግሬን እየተሻገርክ ነበር።

ይሁን።

ራዲያተሩ ያፈሳል፤ ከማስነሳትህ በፊት ውሃ ጨምርበት። ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሳው። ሙሽራህ ልብስ ልታሰጣበት ከፈለገች ታስጣ፤ ቀለሙ ደርቋል።

ቁልፉን እላዩ ላይ ሰክቼ ትቼዋለሁ። አትስጋ፤ ሌባስ ቢመጣ በየት በኩል ያወጣዋል?