የማይዘረጋ ክርን

ጅቡቲ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሀዊ፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሰንዓ ይድረስሽ። አንቺም ልጅሽ ሙንተሃም እንዴት ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ድካም ብቻ ነው።

አሁንም ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ሐኪሟ ማዳም ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ራሴን ስቼ ወደቅሁ፤ ሙቀቱ ይሆናል። ማዳም ስታነሳኝ ክንዴን ይዛ፣ «ሙሉነሽ፣ ክርንሽ ለምን አይዘረጋም?» አለችኝ።

«የአባቴም አይዘረጋም ነበር» አልኳት። «ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ በድንገት ሞተ። ገና አርባ ዓመቱ ነበር።»

ከዚያ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ አስረዳችኝ። በሴላችን መሀል ኒውክሊየስ የሚባል ክፍል አለ፤ ከወላጅ የወረስናቸው ጂኖች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ላሚን የሚባል ፕሮቲን ከውስጥ ደግፎ ቅርጹን ይይዝለታል፤ የትኛው ጂን እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚያርፍም ለመወሰን ያግዛል። ላሚን ሲበላሽ ጡንቻ ይደክማል፣ የክርንና የተረከዝ ጅማት ያጥራል፣ ልብም ምቱን ይስታል አለችኝ። ደሜን ቀድታ ፈረንሳይ ልካለች። ደረጃ እንዳልወጣ ከልክላኝ ልብሱን ራሷ ታወርዳለች፤ አሠሪ እንዲህ ስትንከባከብሽ ደስ አይልም።

ሙንተሃ አራት ዓመት ሞላት አይደል? በላክሽልኝ ፎቶ ላይ በእግሯ ጣቶች ቆማ አየኋት። ረጅም ለመምሰል ይሆናል። እስቲ እጆቿን ዘርግታ ሌላ አንሺልኝ። ማዳም ለሐኪም የጻፈችውን ወረቀት አብሬ ልኬዋለሁ፤ የልብ ሐኪም ዘንድ ይዘሻት ሂጂና አሳዪው። ዛሬ ነገ አትበይ።

እማዬ ከደወለች፣ «ሙሉነሽ ሥራ በዝቶባት ነው» በያት።

በሰላም ያቆይሽ፤ እህትሽ ሙሉነሽ ቡልቻ